የባሌን ጉልበት ሳያንገራግር የከፈለ ኢንሹራንስ የልጄን ሕክምና "አያስፈልግም" አለኝ፣ ምን ላድርግ?

የልጅ እናት፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ጽሑፌ ቢረዝም ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እዚህ አሜሪካ የኢንሹራንስን ነገር የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ መላ በሉኝ።

ልጄ 19 ዓመቱ ነው፣ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ክፍሉን ዘግቶ መዋል፣ አለመብላት፣ ስልክ አለማንሳት ሲጀምር እኔ ትምህርቱ ከብዶት ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። አንድ ሌሊት ክፍሌ መጥቶ "እማ ራሴን ልጎዳ ነው፣ ፈራሁ" አለኝ። በዚያው ሌሊት ኢመርጀንሲ ወሰድነው፣ ሆስፒታል 8 ቀን ተኛ፣ ከባድ ዲፕሬሽን ነው አሉን። ዶክተሯ ቤት ከመመለሱ በፊት እዚያው እያደረ የሚታከምበት ማዕከል ቢያንስ 30 ቀን ይቆይ ብላ ጻፈች፣ ገባ።

ኢንሹራንሱ መጀመሪያ 5 ቀን ፈቀደ። ከዚያ 3 ቀን። ከዚያ 2 ቀን። በየሁለት ሦስት ቀኑ የማዕከሉ ሠራተኛ ትደውልና "ዛሬ ይገመግሙታል፣ ማታ እናውቃለን" ትለኛለች፣ እኔ ሥራ ቦታ ስልኬን በእጄ ይዤ ነው የምውለው። በ11ኛው ቀን "ሕክምናው አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም" የሚል ደብዳቤ መጣ። ምክንያቱን ስሙት፣ ምግብ ይበላል፣ ግሩፕ ውስጥ ይሳተፋል፣ በአሁኑ ሰዓት ራሱን የመጉዳት እቅድ የለውም ይላል። የተሻለውማ እዚያ ስላለ እኮ ነው! እየተሻለው ስለሆነ ነው የሚያስወጡት?

እኔን እንዲህ ያንገበገበኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ አምና ባሌ ጉልበቱን ተቀይሮ ከሆስፒታል ሲወጣ እዚያው እያደረ ሪሃብ የሚሠራበት ቦታ 14 ቀን ቆይቷል፣ ከዚያም ለሦስት ወር ፊዚካል ቴራፒ ተመላልሷል። ያው ኢንሹራንስ፣ ያው ካርድ። አንድም ቀን "ዛሬ ሁለት እርምጃ ስለተራመደ ከነገ ጀምሮ አንከፍልም" ያለን የለም። ስደውልላቸው ደግሞ "ልጅዎ 18 ስላለፈው ስለሱ ልናናግርዎ አንችልም" አሉኝ። ፕሪሚየሙ በየሁለት ሳምንቱ የሚቆረጠው ከኔ ደሞዝ ነው።

ማዕከሉ በራሳችሁ ክፈሉ አለን፣ በቀን ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። 4 ቀን በክሬዲት ካርድ ከፈልን፣ ከዚያ አቅም አጣንና ቤት አመጣነው። አሁን ቤት ነው፣ እኔ ከሥራ ቀርቼ አጠገቡ ነኝ። ኢንሹራንሱ ከሰጠን የቴራፒስቶች ዝርዝር ውስጥ 23ቱ ጋ ደወልኩ። ያነሱት አራት ናቸው፣ አንዷ ጡረታ ወጥታለች፣ ሁለቱ ይሄን ኢንሹራንስ ትተውታል፣ አንዱ ከሁለት ወር በኋላ ቀጠሮ አለኝ አለ።

የአእምሮ ሕክምና ከሌላው ሕክምና እኩል ይሸፈናል የሚል ሕግ አለ ሲባል እሰማለሁ፣ እውነት ነው? ካለ እንዴት ነው የምጠቀምበት? አፒል የሚባለው ይግባኝስ የሚያዋጣ ነገር ነው ወይስ ጊዜ ማጥፊያ?


ቢሊንግ ላይ የምሠራ፦

እህቴ እግዚአብሔር ይማርልሽ፣ አንቺ እያልኩ ብጽፍ ቅር አይበልሽ። ክሊኒክ ውስጥ ቢሊንግ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ኢንሹራንሶች ጋ ስልክ ላይ ነኝ፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሕጉ አለ፣ ፓሪቲ (እኩልነት) ይሉታል። የመጀመሪያው በ1996 ወጣ፣ ግን ጠባብ ነበር፣ የነካው በዓመትና በዕድሜ ልክ የሚቀመጠውን የገንዘብ ጣሪያ ብቻ ነው። ኢንሹራንሶቹ ምን አደረጉ፣ የገንዘቡን ጣሪያ አነሱና በቀንና በቁጥር መገደብ ላይ አተኮሩ፣ በዓመት 30 ቀን ሆስፒታል፣ 20 ጊዜ ቴራፒ፣ ከዚያ በላይ በራስህ የሚባል ነገር የተለመደ ነበር። ዋናው ሕግ በ2008 ጥቅምት ላይ ነው የወጣው። በሁለት ሴናተሮች ስም ነው የሚጠራው፣ ዴሞክራቱ ፖል ዌልስቶንና ሪፐብሊካኑ ፒት ዶሜኒቺ። በፖለቲካ የማይገናኙ ሰዎች ናቸው፣ ግን የዌልስቶን ወንድም ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበረበት፣ የዶሜኒቺ ልጅ ደግሞ ስኪዞፍሬኒያ ታማለች፣ ሁለቱም አንቺ ያለሽበት ቤት ውስጥ ኖረውበታል። ዌልስቶን በ2002 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፣ ሕጉን ሳያየው። በ2010 የመጣው የኦባማ የጤና ሕግ ደግሞ ግለሰቦችና ትናንሽ ድርጅቶች የሚገዟቸው አዳዲስ ፕላኖች ከ2014 ጀምሮ የአእምሮና የሱስ ሕክምናን የግድ እንዲይዙ አደረገ፣ ልጅሽ እስከ 26 ዓመቱ ባንቺ ኢንሹራንስ መቆየት የቻለውም በዚያው ሕግ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ልምጣ። ሕጉ "የአእምሮ ሕክምናን በሙሉ ክፈሉ" አይልም። "ለአካል ሕመም የማታደርጉትን ማጥበቅ ለአእምሮ ሕመምም አታድርጉ" ነው የሚለው፣ ነገሩ ሁሉ ማነጻጸር ነው። ስለዚህ እህቴ እጅሽ ላይ ያለው ትልቁ ማስረጃ የባልሽ ጉልበት ነው። አልቀለድኩም።

ሁለት ዓይነት ገደብ አለ። አንዱ በቁጥር የሚታየው ነው፣ ኮፔይ (በየቀጠሮው ከኪስሽ የምትከፍይው)፣ ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት አንቺ የምትሸፍኝው)፣ የቀንና የቀጠሮ ብዛት። ለአእምሮ ብቻ ተብሎ የተለየ ዲዳክቲብል አይቻልም፣ ኮፔዩም በዚያው ዓይነት አገልግሎት ውስጥ ለአብዛኛው የአካል ሕክምና ከሚጠየቀው መብለጥ የለበትም። ይሄኛው አሁን አሁን ብዙ አይጣስም፣ ምክንያቱም ቶሎ ይታያል። ሁለተኛው በቁጥር የማይታየው ነው፣ ቅድመ ፈቃድ መጠየቅ፣ በየሁለት ቀኑ መገምገም፣ "አስፈላጊ ነው አይደለም" የሚሉበት መመዘኛ፣ ኔትወርክ ውስጥ ለሚገቡ፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ላላቸው ባለሙያዎች የሚከፍሉት ዋጋ። ዛሬ ጸቡ ሁሉ ያለው እዚህ ነው፣ ያንቺም ጉዳይ እዚሁ ነው። ልጅሽ የነበረበትን ዓይነት እያደሩ የሚታከሙበት ማዕከል በአካል በኩል የሚነጻጸረው ባልሽ ከተኛበት ዓይነት ሪሃብና ስኪልድ ነርሲንግ (ከሆስፒታል በኋላ ነርስ እየተከታተለ የሚታከሙበት ቦታ) ጋር ነው። አንዱን በየሁለት ቀኑ እየገመገሙ ሌላውን 14 ቀን ዝም ካሉት ለምን እንደሆነ መልስ አላቸው ወይ ብለሽ መጠየቅ መብትሽ ነው።

በስልክ አትጠይቂ፣ በጽሑፍ። የልጅሽን ጉዳይ ሙሉ ፋይል በነጻ ላኩልኝ በይ፣ እምቢ ሲሉ የተጠቀሙበትን መመዘኛ፣ የወሰነው ሰው ሙያው ምን እንደሆነ፣ ለሪሃብና ለስኪልድ ነርሲንግ የሚጠቀሙበትን መመዘኛም ጨምሪ። አንድ ሌላ ነገር፣ "ኮምፓራቲቭ አናሊሲስ" የሚባል ሰነድ አለ፣ ሁለቱን ወገን እንዴት እንደሚያስተዳድሩ ፕላኑ ራሱ አነጻጽሮ እንዲጽፍ ከ2021 ጀምሮ በሕግ ይገደዳል። እሱን በስሙ ጥሪው። ይሄን ቃል የሚያውቅ ሰው ሲጽፍላቸው ደብዳቤው የሚሄድበት ጠረጴዛ ይለያል፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ኤችአር (የሥራ ቦታሽ የሠራተኞች ጉዳይ ክፍል) ጋ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፣ "ፕላናችን ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይስ ፉሊ ኢንሹርድ?" ካርዱ ላይ የኢንሹራንሱ ስም ስላለ ብቻ ገንዘቡ የነሱ ነው ማለት አይደለም፣ ትልልቅ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ከራሳቸው ኪስ ነው የሚከፍሉት፣ ኢንሹራንሱ ወረቀቱን ብቻ ነው የሚሠራው። ሰልፍ ፈንድድ ከሆነ አቤቱታ የሚቀርበው ለፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር ነው፣ ስልኩ 1-866-444-3272፣ በነጻ ሰው ያናግሩሻል። ፉሊ ኢንሹርድ ከሆነ የስቴትሽ የኢንሹራንስ ኮሚሽነር ጋ ነው። 18 አልፎታል ለሚሉሽ ደግሞ ልጅሽ አንቺን ወኪሉ የሚያደርግበት ፎርም አለ፣ አንዴ ከፈረመ አበቃ።


አባት ነኝ፦

እህቴ አፒል ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ እኔ ያለፍኩበት ስለሆነ ልመልስልሽ። የኔዋ ሴት ልጅ ናት፣ ያኔ 16 ዓመቷ፣ አኖሬክሲያ፣ ምግብ እምቢ የሚያስብለው ሕመም። ማዕከል ገብታ ክብደቷ ሦስት ኪሎ ሲጨምር "ክብደቷ ስለጨመረ በቃት" ብለው አቆሙባት። ልጄ ያንን ስትሰማ ምን አለች መሰለሽ፣ "አባዬ ሐኪም ቤት እንድቆይ ከፈለግክ መልሼ ልቅጠን?" ያንን ቀን አልረሳውም።

የመጀመሪያውን አፒል ተሸነፍኩ፣ ለምን እንደተሸነፍኩ ልንገርሽና አንቺ አትድገሚው። ተናድጄ ነው የጻፍኩት። ልጄ ምን ያህል እንደምታሳዝን፣ እነሱ ምን ያህል ጨካኞች እንደሆኑ፣ አራት ገጽ። ከነሱ መመዘኛ ውስጥ አንድም ዓረፍተ ነገር አልነካሁም። በሁለተኛው ዙር መመዘኛቸውን አስልኬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፣ ከእያንዳንዱ መስመር ፊት ለፊት ከልጄ የሕክምና መዝገብ ቀኑን ጠቅሼ ጻፍኩ፣ "እናንተ እንዲህ ትላላችሁ፣ በዚህ ቀን ነርሷ ይሄን መዝግባለች" እያልኩ። ሐኪሟም "ትቆይ" ብላ ብቻ አልጻፈችም፣ ከዚህ በፊት እየተመላለሰች ስትታከም ምን እንደደረሰባት፣ አሁን ብትወጣ ምን እንደሚሆን በዝርዝር አስቀመጠችው። እነሱም ጋ እምቢ ቢባል ውጪ ያለ ገለልተኛ ገምጋሚ አለ፣ ኤክስተርናል ሪቪው ይባላል፣ እኔ ያሸነፍኩት እዚያ ነው። የገምጋሚው ውሳኔ ኢንሹራንሱን ያስገድደዋል፣ እምቢ ማለት አይችልም። ክፍያ ከተጠየቀም ከ25 ዶላር አይበልጥም።

ቀኖቹን በወረቀት ጽፈሽ ፍሪጅ ላይ ለጥፊ። እምቢ ያሉበት ደብዳቤ ከደረሰሽ ጀምሮ 180 ቀን አለሽ የመጀመሪያውን አፒል ለማስገባት። ገና ላልተደረገ ሕክምና በ30 ቀን፣ ተደርጎ ላለቀ በ60 ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው፣ እንደየፕላኑ ሁለት ደረጃ ካለው ጊዜው ይከፋፈላል። የመጨረሻውን እምቢታ ካገኘሽ በኋላ ለውጪ ገምጋሚ 4 ወር ነው ያለሽ። አፒሉን የሚያየው ሰው መጀመሪያ እምቢ ያለው ሰው ራሱም የሱ የበታችም መሆን አይችልም። እኔ 72 ገጽ ፋክስ አድርጌ "ደርሷል" የሚለውን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልኩትም፣ ምክንያቱም አንዴ "አልደረሰንም" ብለውኝ ነበርና። በስልክ ያናገረሽን ሰው ስም፣ ሰዓቱን፣ የጥሪውን ቁጥር በደብተር ያዢ፣ ባልሽ ያናግር አንቺ፣ ደብተሩ አንድ ይሁን።


የልጅ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ እያነበብኩ አለቀስኩ። "መልሼ ልቅጠን" የሚለው... የኔም ልጅ "እማ ሻል ብሎኛል ባልል ኖሮ አያስወጡኝም ነበር" ብሎኛል፣ ቃል በቃል ባይሆንም ያው ነው። ፎርሙን ፈርሞልኛል። የወጪው ነገር እያስጨነቀኝ ነው ግን ከገንዘቡ በፊት ልጁ ነው፣ አሁን ሕክምና ላይ አይደለም፣ 30 ቀን 60 ቀን እንዴት ነው የምጠብቀው?


የማታ ሽፍት ነርስ፦

እናቴ እንዳትጠብቂ! የምጽፈው ለዚህ ነው። ሐኪሙ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው ብሎ ከጻፈ አፒሉ አስቸኳይ ይሆናል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መመለስ አለባቸው፣ ቅዳሜ እሑድ የሚባል ነገር የለም። ሐኪሙ ራሱ በልጅሽ ስም ሊያስገባው ይችላል። የሚያስፈልገው ቃል ግልጽ መሆን አለበት፣ መዘግየቱ ሕይወቱን ወይም ጤናውን ከባድ አደጋ ላይ ይጥላል የሚል። አስቸኳይ ሲሆን ደግሞ የውስጡን መልስ ሳትጠብቂ የውጪውን አስቸኳይ ግምገማ ጎን ለጎን መጠየቅ ይቻላል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ለሐኪሟ ደግሞ "ፒር ቱ ፒር" አድርጊልኝ በያት፣ ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር ሐኪም ለሐኪም በስልክ መነጋገር ማለት ነው፣ አንዳንዴ አሥር ደቂቃ ወሬ ወር የሚፈጀውን ይፈታል። ስታወራ ከራሷ ጋር ተመሳሳይ ስፔሻሊቲ ያለው ሐኪም ይሁንልኝ ብላ ትጠይቅ፣ ሳይካትሪስት ለሳይካትሪስት።

አሁን ቤት ስለሆነ ደግሞ ከኢንሹራንሱ ጋር የማይገናኝ ነገር ልናገር፣ ሥራዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ የባልሽን የጉልበት ማስታገሻም ጭምር፣ የሚቆለፍ ነገር ውስጥ አድርጊው። ራሱን ስለመጉዳት በቀጥታ ጠይቂው፣ "ዛሬ እንደዚያ እያሰብክ ነው?" ብለሽ፣ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ እንዲያውም ይቀለዋል። ሌሊት የከፋ ነገር ከመጣ 988 ደውሉ ወይም ቴክስት አድርጉ፣ ከ2022 ጀምሮ በመላ አሜሪካ የሚሠራ ቁጥር ነው፣ ስትደውሉ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ኢመርጀንሲ መመለስ ካስፈለገ ደግሞ ተመለሱ፣ "ኢንሹራንሱ እምቢ ብሏል" ብላችሁ ቤት እንዳትቀሩ፣ ለድንገተኛ ሕክምና ቅድመ ፈቃድ አይጠየቅም።


እውነቱን ለመናገር፦

ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ ብላችሁ ነው የምትጽፉት ገባኝ ግን ይቺ እናት ሁሉንም ትወቅ። ሕጉ ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። በ2024 መስከረም ላይ መንግሥት ጠንካራ የሆነ አዲስ ደንብ አውጥቶ ነበር፣ ኢንሹራንሶቹ ሰው በተግባር ቴራፒስት ያገኛል አያገኝም የሚለውን በቁጥር እንዲያሳዩ የሚያስገድድ፣ አሠሪዎች ከሰሱ፣ በ2025 ግንቦት ላይ ደግሞ መንግሥት ራሱ ያንን አዲስ ክፍል አላስፈጽምም አለ። እኔ ለወንድሜ ሁለት ዓመት ተሟግቼ አንዱን ተረታሁ አንዱን አገኘሁ፣ ወንድሜ በዚያ መሃል ሥራውን አጣ። አቤቱታ የሚሰማው ሰው አንድ ቢሆን አቤት ባይ መቶ ነው። የታመመው ሰው ራሱ ይሟገት ማለት እኮ እግሩ የተሰበረን ሰው ሮጠህ ክሰስ እንደማለት ነው።


ቢሊንግ ላይ የምሠራ፦

ወንድሜ ስለ ወንድምህ በጣም አዝናለሁ፣ ያልከውም ልክ ነው፣ የታመመ ሰው ብቻውን ሊሟገት አይችልም። አንድ ነገር ግን ላስተካክል ሰው እንዳይሳሳት። አላስፈጽምም የተባለው የ2024ቱ ደንብ አዲስ ያመጣው ክፍል ነው። የ2008ቱ ሕግ እንዳለ ነው፣ ከሱ በፊት የነበረው የ2013 ደንብ አለ፣ አነጻጽራችሁ ጻፉ የሚለውም ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ስለሆነ አለ፣ ብዙ ስቴቶችም የራሳቸው ሕግ አላቸው፣ አንዳንዱ ከፌዴራሉ ይጠነክራል። ስለዚህ "ሕጉ ቀርቷል እኮ" የሚል የስልክ ሠራተኛ ካጋጠማችሁ በጽሑፍ ስጡኝ በሉ፣ አይሰጡም።


ከአምስት ሴሚስተር በኋላ፦

ሰላም እማማ፣ እኔ ልጅዎ ያለበት ቦታ የነበርኩ ነኝ፣ ተማሪ ነኝ፣ በመሃል አቋርጬ ነበር አሁን ተመልሻለሁ። ስለ ቴራፒስት ፍለጋው ብቻ ልጻፍልዎ።

23 ቦታ ደውለው አራት ማንሳቱ የርስዎ ዕድል ሆኖ አይደለም፣ ዝርዝሮቹ እንደዚያ ናቸው። ብዙ ቴራፒስት ኢንሹራንስ አይቀበልም፣ ምክንያቱም የሚከፍሉት ትንሽ ነው፣ ወረቀቱ ብዙ ነው፣ ከዓመት በኋላ ገንዘቡን መልሱ የሚባሉበት ጊዜም አለ፣ ስለዚህ ይወጣሉ፣ ስማቸው ግን ዝርዝሩ ላይ ይቀራል። ከ2022 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ ፕላኖቹ ዝርዝሩን በየ90 ቀኑ እንዲያጣሩ ያስገድዳል፣ ኔትወርክ ውስጥ ነው ብለው በጻፉት ወይም በነገሩዎት ተማምነው ሄደው ካልሆነ ደግሞ ከርስዎ የሚጠየቀው የኔትወርክ ውስጥ ድርሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ስክሪንሾት ያድርጉት፣ ቀኑ እንዲታይ።

የነዚያን 23 ጥሪዎች ማስታወሻ አይጣሉት! እናቴ በእርሳስ ጽፋ የያዘችው ወረቀት ነው እኔን ያወጣኝ። ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ "መልስ የለም"፣ "አዲስ ሰው አልቀበልም" እያለች ሁለት ገጽ። ያንን ይዛ ለኢንሹራንሱ ጻፈች፣ በኔትወርካችሁ ውስጥ በተገቢ ጊዜ ሊያየው የሚችል ሰው የለም፣ ስለዚህ ውጪ ያለችውን ይቺን ቴራፒስት በኔትወርክ ዋጋ ክፈሉልኝ ብላ። "ሲንግል ኬዝ አግሪመንት" ይባላል፣ በዚህ ስም ይጠይቁ። ስድስት ሳምንት ፈጀ ግን ፈቀዱ፣ 25 ዶላር ኮፔይ እየከፈልኩ ዓመት ታከምኩ።

እየጠበቁ ደግሞ የኮሚውኒቲ ጤና ጣቢያዎችን ይሞክሩ፣ በገቢ ልክ ነው የሚያስከፍሉት። ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥም ተማሪዎች በአስተማሪ እየታዩ የሚያክሙባቸው ክሊኒኮች አሉ፣ ርካሽ ናቸው፣ እኔን መጀመሪያ ያየችኝ ተማሪ ነበረች፣ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ቤተሰብ የሚገባበት ቀጠሮ ላይ አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጉ አስቀድመው ይጠይቁ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እባክዎ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት። እኔ ስለራሴ ሕመም ለአባቴ ተርጉሜያለሁ፣ ግማሹን ደበቅኩት።


ያረጀች እናት ያለችኝ፦

እናንተ የምታወሩት ስለ ሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ነው፣ ለሌሎች እንዲጠቅም ልጨምር። ሜዲኬር፣ በተለይ የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ይሄ የ2008 ሕግ አይነካውም። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ የአእምሮ ሆስፒታል ብቻ በሆነ ቦታ በዕድሜዋ ሙሉ 190 ቀን ነው የሚከፍልላት፣ ከዚያ በኋላ ጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ ካልሆነ የለም። ለልብ ሆስፒታል እንዲህ ያለ የዕድሜ ልክ ቆጠራ የለም። የተመላላሹ ግን ተሻሽሏል፣ ድሮ ከቴራፒው ግማሹን ታማሚው ይከፍል ነበር፣ ቀስ በቀስ ወርዶ ከ2014 ጀምሮ እንደሌላው ሐኪም 20 በመቶ ሆኗል። ሜዲኬድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ ያላችሁ ደግሞ፣ በኢንሹራንስ ድርጅት በኩል የሚሄደው ሜዲኬድና የልጆቹ ችፕ የእኩልነቱ ሕግ ይመለከታቸዋል፣ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሜዲኬድ ካለው ደግሞ መብቱ ሰፊ ነው፣ ሳትጠይቁ አትቅሩ።


የልጅ እናት፦

አምስት ሳምንት ሆነኝ ሳልጽፍ፣ ጠፍቼ አይደለም፣ ደብተሬ ሞልቶ ሁለተኛ ጀምሬያለሁ።

መጀመሪያ ልጄ ደህና ነው። ሐኪሟ በዚያው ሳምንት ከኢንሹራንሱ ሳይካትሪስት ጋር አወራች፣ አስቸኳይ አፒሉንም ራሷ አስገባችው፣ በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ማደሪያውን አልፈቀዱም። ግን በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት ገብቶ ከሰዓት የሚመለስበትን ፕሮግራም ለስድስት ሳምንት አንዴ ፈቀዱት፣ በየሁለት ቀኑ መገምገም ሳይኖር። ሐኪሟም ቤት ሰው እስካለ ድረስ ይሄ ይሁን አለች። አሁን አራተኛ ሳምንቱ ነው። ትናንት ሳልጠራው መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በላ፣ እኔ እንዳይታወቅብኝ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ።

ኤችአርን ጠየቅኩ፣ ሰልፍ ፈንድድ ነው፣ የሥራ ቦታዬ ገንዘብ ነው። ያቺ የኤችአር ልጅ ራሷ አታውቅም ነበር፣ አብረን ነው ያነበብነው። ፋይሉ መጣ፣ ወፍራም ነው፣ ማታ ማታ ከባሌ ጋር ተቀምጠን አየነው። እዚያ ውስጥ የልጄን ግምገማ በየሁለት ሦስት ቀኑ ማድረጋቸው አለ። የባሌን ፋይልም እሱ ፈርሞ አስመጣነው፣ የ14 ቀኑ ሪሃብ ሲፈቀድ ግምገማው በሰባት በሰባት ቀን ነው፣ ሁለት ጊዜ ብቻ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ፎቶ ኮፒ አነሳሁት። የኮምፓራቲቭ አናሊሲሱን ሰነድ ግን እስካሁን አልላኩም፣ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፣ ለሠራተኛ ሚኒስቴሩም ደውዬ አንዲት ሴት ጉዳዩን ተቀብላኛለች፣ በጣም በትዕግሥት ነው ያናገረችኝ።

በክሬዲት ካርድ የከፈልነው የአራቱ ቀን ገንዘብ በመጀመሪያው አፒል እምቢ ተብሏል። ለውጪ ገምጋሚ ልልክ ነው። አባት ነኝ ወንድሜ፣ እንዳልከኝ መመዘኛቸውን መስመር በመስመር እየሞላሁት ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። "ዝቅ ባለ ደረጃ ሕክምና መታከም አይችልም" የሚለው መስመር ፊት ለፊት ምን ልጻፍ? አሁን ዝቅ ባለው ደረጃ እየታከመ እየተሻለው ስለሆነ መልሰው እንዳይጠቀሙበት ፈራሁ።


አባት ነኝ፦

እሰይ፣ እሰይ እህቴ! ጠረጴዛው ላይ መቀመጡን ሳነብ ባለቤቴን ጠርቼ አነበብኩላት።

ያ መስመር እኔንም አስቁሞኝ ነበር። የሚጠየቀው ስለነዚያ አራት ቀኖች ብቻ ነው፣ ስለ ዛሬ አይደለም። በነዚያ ቀኖች ነርሶቹ የመዘገቡትን ከማዕከሉ አስመጪ፣ የሌሊቱን ማስታወሻ በተለይ፣ እንቅልፍ ስንት ሰዓት፣ ማን ሲያየው ነበር፣ ምን አለ። እዚያ ፊት ለፊት እሱን ጻፊ፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር። ሐኪሟም የቀን ፕሮግራሙ ሊሠራ የቻለው እነዚያን ቀናት ማዕከሉ ውስጥ ስለቆየ ነው ብላ ካመነች አንድ አንቀጽ ትጻፍልሽ። የሌሊቱን ማስታወሻ መጀመሪያ አይሰጡሽም፣ "ማጠቃለያውን እንላክልሽ" ይሉሻል፣ ሙሉውን ነው የምፈልገው በይ።